በቴነሲ ስለ ተደረገው የአባቶችና የልጆች ክርክር



ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ በማዕድ ተቀምጦ የአባቱን እምነት የሚነካ ቃል በተናገረ ጊዜ በቤቱ ውስጥ እንዴት ያለ ዝምታ እንደሚሆን ታውቃለህ። አባትየው በልቡ «እሳት አመድ ወለደ» ብሎ ያዝናል። ልጁም አባቱን ምንም እንደማያውቅ ሰው ቈጥሮ ይንቀዋል። እናቲቱ በሁለቱ መካከል ሆና ማንኛውን እንደምትገሥጽ፣ ማንኛውንስ እንደምታጽናና ትጨነቃለች። እንዲህ ያለው ጠብ ከአገር ወደ አገር ስሙ ይለወጣል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት በአሜሪካ፣ ቴነሲ በምትባለው ግዛት፣ በ1920 እና በ1925 ዓ.ም. የተደረጉትን ሁለት ነገሮች እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ያ ዘመን እንዴት ያለ ዘመን እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በ1920 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በከተማ የሚኖረው የአሜሪካ ሕዝብ በገጠር ከሚኖረው መብለጡን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። በ1908 ዓ.ም. 850 ዶላር ይሸጥ የነበረው የፎርድ መኪና በ1925 ዓ.ም. ዋጋው ከ300 ዶላር በታች ስለ ወረደ፣ የገበሬውና የሠራተኛው ልጅ የአባቱ ዓይን ወደማይደርስበት ስፍራ በጥቂት ጊዜ ይደርስ ጀመር። ራዲዮ የሩቅ ከተማን ዘፈን ወደ ባላገሩ ቤት አስገባ። ቈነጃጅት ጠጕራቸውን ቈረጡ፤ ቀሚሳቸውንም አሳጠሩ። ሮበርትና ሔለን ሊንድ የተባሉ ባልና ሚስት በኢንዲያና ግዛት የምትገኘውን የማንሲን ከተማ ኑሮ መርምረው በ1929 ዓ.ም. መጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜ፣ መኪና በእሑድ ቀን ሰውን ከቤተ ክርስቲያን ያስቀራል እያሉ ሰባኪዎች ያማርሩ እንደ ነበር ጽፈዋል።

አባቶች ይህን ሁሉ ባዩ ጊዜ ብዙዎቹ መድኀኒቱን ከሕግ ዘንድ ፈለጉ። ከ1920 እስከ 1933 ዓ.ም. የሚያሰክር መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥቱ ተከልክሎ እንደ ነበረ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ ለብቻው ትምህርት የሚሻ ስለ ሆነ ግን እናልፈዋለን።

በ1920 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የቴነሲ እንደራሴዎች በዋና ከተማቸው በናሽቪል ተሰበሰቡ። ነገሩም ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጠውን የሕገ መንግሥቱን 19ኛ ማሻሻያ ለመቀበል ወይም ለመጣል ነበረ። ማሻሻያው እንዲጸና 36 ግዛቶች ሊቀበሉት ያስፈልግ ነበር፤ 35ቱ ተቀብለውት ስለ ነበረ የነገሩ ፍጻሜ በቴነሲ እጅ ወደቀ። የሚደግፉት ቢጫ ጽጌረዳ፣ የሚቃወሙትም ቀይ ጽጌረዳ በልብሳቸው ላይ ሰክተው ገቡ። በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው እንደራሴ፣ የ24 ዓመቱ ሃሪ በርን፣ ቀይ ጽጌረዳ ሰክቶ ነበር። ነገሩ ሳይወሰን ይቈይ ተብሎ ድምፅ በተሰጠ ጊዜም ከተቃዋሚዎቹ ጋራ ሆነ፤ ሸንጎውም 48 በ48 እኩል ተከፈለ። ነገር ግን በኪሱ ውስጥ ከእናቱ የመጣ ደብዳቤ ነበረ።

እናቱ ፌብ በርን፣ ኒዮታ በምትባል መንደር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጋዜጣ አዘውትራ የምታነብ ነበረች። የተቃዋሚዎቹን ንግግር አንብባ አልወደደችውምና ስለ ቤትና ስለ አገር ወሬ በጻፈችለት ደብዳቤ ውስጥ ልጇ ማሻሻያውን እንዲደግፍ አሳሰበችው። ሸንጎው በዋናው ነገር ላይ ድምፅ በጠየቀ ጊዜ ሃሪ በርን መቀበሉን ተናገረ። ቀይ አበባው ገና በደረቱ ላይ ነበረ። ወዲያውም ጉቦ በልቷል እያሉ ከሰሱት። እርሱ ግን በማግሥቱ በሸንጎው መዝገብ ባስጻፈው ቃል፣ ነገሩ በሕሊናው ፊት ትክክል መስሎ እንደ ታየው፣ ደግሞም እናቱ እንዲቀበል እንደ ፈለገችና የእናት ምክር ለልጅ ከሁሉ የሚያስተማምን መሆኑን እንደሚያውቅ ገለጠ። በዚህም ሥራ ሚሊዮኖች ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ፤ ምንም እንኳ በብዙ የደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ሴቶች፣ እንደ ወንዶቻቸው ሁሉ፣ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በልዩ ልዩ ተንኰል ቢከለከሉ።

እንግዲህ አስተውል። እዚህ ላይ አሮጌው የቱ ነው? አዲሱስ የቱ ነው? እናትን ማክበር ከሙሴ ጽላት ጀምሮ የታወቀ ትእዛዝ ነው። የሴቶች መምረጥ ግን በዚያ አገር ብዙ ሰዎች ቤትን ያፈርሳል ብለው የፈሩት አዲስ ነገር ነበር። ከአሮጌው ትእዛዝ አዲሱ ሕግ ተወለደ። እኔ ይህን ታሪክ ከሌሎች አብልጬ የምወደው ስለ ደብዳቤው ነው። እናቲቱ ልጇን ለማስገደድ ዳኛም ዘበኛም አልነበራትም፤ የነበራት ብዕርና በ24 ዓመት ውስጥ በልጇ ልብ ያኖረችው መታመን ነበር። ደብዳቤው በአንድ ቀን ተጻፈ፤ እንዲሰማ ያደረገው ነገር ግን በአንድ ቀን አልተሠራም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንሻገር። በዚያችው በቴነሲ ጆን ዋሽንግተን በትለር የሚባል ገበሬ ነበረ፤ እርሱም ከባፕቲስት ወገን የሆነና የግዛቱ እንደራሴ ነበር። አንድ ሰባኪ በስብከቱ ላይ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የተመለሰች አንዲት ልጃገረድ ዝግመተ ለውጥ የተባለውን ትምህርት ተቀብላ በእግዚአብሔር ማመንን እንደ ተወች ሲናገር ሰማ። በትለርም የራሱን ልጆች አሰበ። ሕዝብ በሚከፍለው ግብር በቆመ ትምህርት ቤት የወላጆች ሃይማኖት መፍረሱ አይገባም ብሎ ሕግ አረቀቀ። ሕጉ በ1925 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ጸና። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰው አፈጣጠር የሚናገረውን የሚክድ፣ ሰውም ከእንስሳት ወረደ የሚል ትምህርት ቢያስተምር ከ100 እስከ 500 ዶላር እንዲቀጣ አዘዘ።

በዚህ ገበሬ ፍርሃት አትሣቅ። ልጁን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት የሰደደ አባት ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ነገር ግን ልጃገረዲቱ እምነቷን ያጣችው ባነበበችው መጽሐፍ ነውን? ወይስ ጥያቄዋን ይዛ ወደ ቤቷ በተመለሰች ጊዜ ሳይቈጣ የሚሰማት ሰው ስላጣች ነው? ይህን ለማወቅ ከልጅቱ ጋራ ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ሕግ አውጪዎች በናሽቪል ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አይደለም።

የአሜሪካ የዜጎች ነጻነት ኅብረት የሚባለው ማኅበር ሕጉን በፍርድ ቤት ለመፈተን ፈቃደኛ የሆነ መምህር ቢገኝ ጠበቃ እንደሚያቆምለት በጋዜጣ አስታወቀ። ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ይህን አንብበው በሮቢንሰን መድኀኒት ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ተማከሩ። ምክራቸው ስለ ሃይማኖትና ስለ ሳይንስ ብቻ አልነበረም፤ ክርክሩ በከተማችን ቢደረግ እንግዳ ይጐርፋል፣ ገበያውም ይደራል የሚል አሳብ ነበረበት። ጆን ስኮፕስ የሚባለውን ወጣት መምህርና የኳስ አሠልጣኝ አስጠርተው ለመከሰስ ትፈቅዳለህን? ቢሉት እሺ አለ። እርሱም እንደ ሃሪ በርን የ24 ዓመት ሰው ነበር። የባዮሎጂው መምህር ታሞ ሳለ ለጥቂት ጊዜ ተክቶት ነበር እንጂ፣ ያን ምዕራፍ ማስተማሩን ራሱም በእርግጥ አያስታውስም ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን፣ ሕጉ የሚከለክለው ነገር የተጻፈበት መጽሐፍ ግዛቲቱ ራሷ ለትምህርት ቤቶች የመረጠችው መሆኑ ነው። መጽሐፉ የሚሸጠውም በዚያው መድኀኒት ቤት ሲሆን ባለ መድኀኒት ቤቱ የትምህርት ቤቶቹ ጉባኤ ሊቀ መንበር ነበር!

ክርክሩ በ1925 ዓ.ም. ሐምሌ 10 ቀን ተጀመረ። ከሳሾችን ለመርዳት ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን መጣ። እርሱ በ1896፣ በ1900 እና በ1908 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ያልቀናው፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ታላቅ ተናጋሪ ነው። ለተከሳሹ የቆመው ክላረንስ ዳሮው ግን የእግዚአብሔርን መኖር አላውቅም የሚል የቺካጎ ጠበቃ ነበር። ከተማይቱ እንደ በዓል ገበያ ሆነች። በመንገድ ላይ የሎሚ መጠጥ የሚሸጡ፣ በአደባባይ የሚሰብኩ፣ ልብስ የለበሰ ቺምፓንዚ ለሕዝብ የሚያሳዩ ተሰበሰቡ። አንድ የቺካጎ ራዲዮ ጣቢያም የሸንጎውን ቃል ከስፍራው በቀጥታ አሰማ። ስለዚህ ራዲዮን በጥርጥር ያዩ የነበሩ አባቶች ስለ አሮጌው እምነት የተደረገውን ክርክር በራዲዮ ሰሙት።

ብዙ መጻሕፍት ብራያንን የአሮጌ ልማድ ጠባቂ ብቻ አድርገው ይሥሉታል። ይህ እውነቱን ያጐድላል። ብራያን ሴቶች እንዲመርጡ የተከራከረ፣ ከባለጠጎች የገቢ ግብር እንዲወሰድ የደከመ፣ የድኻውን ገበሬ ነገር ያነሣ ሰው ነበር። ዳሮውም ቢሆን በ1896 ዓ.ም. የብራያን ደጋፊ ነበር። ብራያን ዝግመተ ለውጥን የጠላው ስለ ዘፍጥረት ብቻ አልነበረም፤ ብርቱ ደካማውን ቢያጠፋ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚል ትምህርት ከዚሁ ይወጣል፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም የጀርመን መኰንኖች ይህን ምክንያት አድርገዋል ብሎ ስላመነ ነው። ደግሞም ሕጉ ሲረቀቅ ቅጣት እንዳይኖርበት መክሮ ነበር፤ አልሰሙትም እንጂ።

ፍርሃቱ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። የተከሰሰበት የትምህርት መጽሐፍ ጆርጅ ሀንተር በ1914 ዓ.ም. ያሳተመው ነው። በውስጡም የእንስሳትንና የዕፀዋትን ነገር ከሚያስረዳው ጋራ ሌላ ነገር ተጨምሮ ነበር። ድኽነት፣ ወንጀልና የአእምሮ ድካም በዘር የሚወርዱባቸው ቤተ ሰቦች አሉ፣ እነዚህም በሕዝብ ላይ እንደ ተጣበቁ ጥገኞች ናቸው፣ እንዳይጋቡና እንዳይወልዱ መከልከል ይገባል ይል ነበር። ይህ ዘርን የማጥራት ትምህርት በዚያን ጊዜ በብዙ ምሁራን ዘንድ እንደ አዲስ ዕውቀት ይከበር ነበር። በ1927 ዓ.ም. የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያ ግዛት አንዲትን ወጣት ሴት በግድ እንዲያመክናት ፈቀደ፤ ከዘጠኙ ዳኞች የተቃወመው አንዱ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ሕግ በልዩ ልዩ ግዛቶች ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች መካን ተደርገዋል።

የፍጥረትን ዝምድና የሚመረምረው ትምህርት በምርመራ እየጸና ሄዶ ዛሬ የባዮሎጂ መሠረት ሆኗል። ዘር የማጥራቱ አሳብ ግን በሳይንስ በኩል ሐሰት፣ በምግባር በኩልም ግፍ ሆኖ ተገኘ። በ1914 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ ስንዴና እንክርዳድ ሆነው አብረው ይገኙ ነበር። በዴይተን ሸንጎ ያን ገጽ ገልጦ ይህን ከዚያ እንለይ ያለ አልተገኘም። ዳሮው ራሱ በ1926 ዓ.ም. ዘር የማጥራትን ትምህርት የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ። እንግዲህ ሁለቱ ባላጋራዎች፣ ለድኻውና ለደካማው በመጠንቀቅ የሚገናኙበት ስፍራ ነበራቸው፤ በጩኸቱ መካከል ግን አልተያዩም።

በሐምሌ 20 ቀን ዳሮው ብራያንን ራሱን ለምስክርነት ጠራው። የሸንጎው ወለል በሰው ብዛት እንዳይወድቅ ተፈርቶ ዳኛው ጉባኤውን ወደ ግቢው ሣር አውጥቶት ነበር። ዳሮው ስለ ዮናስ፣ ስለ ጥፋት ውሃ፣ ስለ ፀሐይ መቆም እያነሣ ጠየቀው። ብራያንም የፍጥረት ቀኖች እያንዳንዳቸው 24 ሰዓት መሆናቸውን እንደማያስገድድ፣ ረጅም ዘመን ሊሆኑም እንደሚችሉ መሰከረ። ከወገኖቹ ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። እኔ ግን በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ የሚሻለው ቃል ይህ ይመስለኛል። በጸጥታ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ብዙ አባቶችና ልጆች ሊነጋገሩበት የሚችሉበት በር ነበረ። የተነገረው ግን በቍጣና በሣቅ መካከል ስለ ሆነ አንዱ ወገን እንደ ሽንፈት፣ ሌላውም እንደ ክህደት ቈጠረው። በማግሥቱ ዳኛው ያን ምስክርነት ከመዝገቡ ሠረዘ። ዳሮው ራሱ ጥፋተኛ ነው የሚል ፍርድ እንዲሰጥ ስለ ጠየቀ፣ 12ቱ የአገር ፈራጆች ተማክረው ለመመለስ 9 ደቂቃ በቃቸው። ስኮፕስ 100 ዶላር ተቀጣ። ብራያንም ከ5 ቀን በኋላ በዚያው በዴይተን በእንቅልፉ ሳለ ዐረፈ።

ስለ ሣቁ ጥቂት ልጨምር። ከተሰበሰቡት ጋዜጠኞች ከሁሉ የሚታወቀው የባልቲሞሩ ሄንሪ ሉዊስ ሜንከን ነበር። ከተማይቱ ያማረች መሆኗን መጀመሪያ ቢመሰክርም፣ ሕዝቡን ግን ደንቈሮ ባላገር እያለ ዘበተበት፤ ዋናውም ቀን ሳይደርስ ወደ ከተማው ተመለሰ። በሰሜን ያሉ አንባቢዎች እጅግ ተደሰቱ። የዘበተባቸው ሰዎች ግን በሣቁ ምክንያት አሳባቸውን አልለወጡም፤ ራቁ እንጂ። የራሳቸውን ትምህርት ቤትና የራሳቸውን ማኅበር እየሠሩ ተለዩ። መጽሐፍ አሳታሚዎችም ገበያቸው እንዳይጠፋ ነገሩን በዝምታ አለፉት፤ በ1926 ዓ.ም. በታተመው የሀንተር አዲስ መጽሐፍ ዝግመተ ለውጥ የሚለው ቃል ወጥቶ ነበር። ብዙ ተማሪዎች እስከ 1960ዎቹ ዓመታት ድረስ ስለዚህ ነገር ሳይማሩ አደጉ። ሳይንስ አሸነፈ ተብሎ በተሣቀበት ዓመት ሳይንስ ከመጽሐፍ ወጣ።

አንተ ተማሪ ሆይ፤ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብበው። ያወቅኸው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ አባትህ በቃልህ ውስጥ ንቀት የሰማ እንደ ሆነ እውነቱን አይሰማም። አንተም አባት ሆይ፤ ልጅህ የሚያመጣውን መጽሐፍ ከመዝጋትህ በፊት ገልጠህ አንብብ። በትለር የከለከለውን ትምህርት ከማገዱ በፊት ከሥሩ አልመረመረውም ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን፣ ለክብሩ ሊነገርለት የሚገባ አንድ ነገር አደረገ፤ እርሱን በመጨረሻ እነግርሃለሁ።

ነገሩ ወደ ቴነሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ በ1927 ዓ.ም. ቅጣቱ ፈረሰ። ምክንያቱም ስለ እምነት ወይም ስለ ነጻነት አልነበረም፤ ከ50 ዶላር የሚበልጥ መቀጫ የሚወስኑት ፈራጆቹ መሆን ሲገባቸው ዳኛው ስለ ወሰነ ነው። ሕጉ ግን እስከ 1967 ዓ.ም. ሳይሻር ቈየ። በ1930 ዓ.ም. በብራያን ስም የተጠራ ኮሌጅ በዴይተን ተከፈተ። ዛሬ በሸንጎው ግቢ፣ በአንዱ ሣር ላይ፣ በ2005 ዓ.ም. የቆመው የብራያን ምስልና በ2017 ዓ.ም. የቆመው የዳሮው ምስል ይታያሉ።

አሁን ወደ በትለር እንመለስ። ክርክሩ በተደረገ ጊዜ ወደ ዴይተን መጥቶ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ተከላካዮቹ ሊቃውንትን ለምስክርነት አምጥተው ነበር። ከእነርሱም ሜይናርድ ሜትካፍ የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ የቤተ ክርስቲያን አባልና በማኅበሩ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምር ሰው ነበር። የምድርን ድንጋዮች የሚመረምረው ከርትሊ ማዘርም ባፕቲስት ነበር፤ እንደ በትለር ማለት ነው። ከሳሾች እነዚህ እንዳይሰሙ ተቃወሙ። በትለር ግን ከሳሾቹ በእርሱ ሕግ እየተሟገቱ ሳሉ ሊቃውንቱ ይናገሩ አለ፤ ለሁሉም እኩል ዕድል መስጠት ትክክል ነው፣ እኔም ራሴ ይህ ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ እወዳለሁ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ዳኛው አልፈቀደም። ሜትካፍ ብቻ፣ ፈራጆቹ ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ፣ እንዲናገር ተደረገ። የሌሎቹ ቃል በጽሑፍ ሆኖ ወደ መዝገብ ገባ፤ ሊፈርዱ የተቀመጡት 12ቱ ሰዎችም አልሰሙትም።